ዘውዱና ዱቄቱ፦ የዓለም ቆንጆ ውድድር በለንደን

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 23 ቀን በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ በተደረገው የዓለም ቆንጆ ውድድር ኢትዮጵያዊቷ ሀሴት ደረጀ ሁለተኛ ሆና ስትመረጥ፣ በማኅበራችን ውስጥ ሁለት ወገን ሆንን። ገሚሶቻችን እልል አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ ሴት ልጅ መድረክ ላይ እየዞረች የምትገመገምበት ነገር ምኑ ያስጨፍራል አልን። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ከቡና ላይ ወሬ አልፎ ወደ ብድር ኮሚቴያችን መጣ። የአንዲት አባላችን ልጅ ለሞዴልነት ሥልጠና የሚሆን ብድር በእናቷ በኩል ጠየቀች። ለልብስ ስፌት፣ ለባልትና፣ ለጸጉር ሥራ ስንፈቅድ አንሥተነው የማናውቀው ጥያቄ ያን ጊዜ ተነሣ፦ ይህ ሙያ ነው ወይስ ገላን ማስገመት?

ይህ ክርክር ከእኛ በፊት ብዙ ሴቶች የተከራከሩበት ነው። ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የተሰማው ግን በለንደን ከተማ ዓርብ ኅዳር 11 ቀን 1963 ዓ.ም. ማታ፣ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 20 ቀን 1970 በሚሉት ዕለት ነበር። ያን ማታ ሮያል አልበርት ሆል በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ 58 ሴቶች ለዘውድ ይወዳደሩ ነበር። በተመልካቹ መካከል ደግሞ ሌሎች ሴቶች ቦርሳቸው ውስጥ ዱቄት ደብቀው ምልክት ይጠብቁ ነበር። የሁለቱንም ወገን ታሪክ አንድ ላይ ማንበብ ለክርክራችን ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል። የውጭ አገሩን ታሪክ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ውድድሩ ከጅምሩ የንግድ ሥራ ነበር። በ1951 ብሪታንያ ከጦርነቱ ድቀት በኋላ የሕዝቧን መንፈስ ለማነቃቃት ታላቅ አገራዊ ፌስቲቫል ደገሰች። ያን ጊዜ ኤሪክ ሞርሊ የሚባል ሰው መካ በሚባል የዳንስ አዳራሾች ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር (ኩባንያው ከቅድስቲቱ ከተማ ጋር ከስሙ በቀር ሌላ ዝምድና የለውም)። ሞርሊ ገበያ የሚስብ ነገር ሲፈልግ፣ ገና አዲስ የነበረውን ቢኪኒ የተባለ ባለ ሁለት ቁራጭ የዋና ልብስ የለበሱ ሴቶችን ማወዳደር ታየው። ያሸነፈችው ስዊድናዊቷ ኪኪ ሆካንሶን ነበረች፤ ቢኪኒውን እንደለበሰች ዘውድ ተደፋላት። ቁጣው ብዙ ነበር፣ የሮማው ጳጳስ ሳይቀሩ አወገዙት። ከዚያ ወዲያ ቢኪኒው ቀርቶ ሙሉ የዋና ልብስ ተተካ። ውድድሩ ግን አልቀረም። አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎ እንዲያበቃ የታሰበው ነገር በአሜሪካ ተመሳሳይ ውድድር መጀመሩ ሲሰማ ዓመታዊ ሆነና በቴሌቪዥን ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። በ1970 በብሪታንያ ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየው ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በዋና ልብስ ይሰለፋሉ። የደረታቸው፣ የወገባቸውና የዳሌያቸው ልክ በኢንች ይነገራል። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ለካሜራው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ዳኞቹ ይጽፋሉ፤ ቤታቸው የተቀመጡ ተመልካቾችም ማን እንደምታሸንፍ ገንዘብ ይወራረዳሉ። ገበያ ወጥታ የምታውቅ ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚታያት መናገር አያስፈልገንም። በሬ የሚገዛ ሰውም ሻኛውን ዳብሶ፣ ዞሮ ኋላውን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው።

ይህን ንጽጽር የፈጠርነው እኛ አይደለንም፤ ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ውድድሩን «የከብት ገበያ» ይሉት ነበር።

እነዚህ ሴቶች እነማን ነበሩ? በዚያው በ1970፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ የብሪታንያ የሴቶች ነጻነት ንቅናቄ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ጉባኤ በኦክስፎርድ ከተማ በሩስኪን ኮሌጅ አድርጎ ነበር። ሩስኪን በልጅነታቸው የመማር ዕድል ያላገኙ ሠራተኞች በጉልምስና የሚማሩበት ኮሌጅ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዷ ሳሊ አሌክሳንደር ትባላለች፤ ልጅ እያሳደገች የምትማር ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን ንቅናቄው ያነሣቸው የነበሩት ጥያቄዎች ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደሉም። ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ፣ እኩል የትምህርትና የሥራ ዕድል፣ ለምትሠራ እናት የልጅ ማቆያ፣ መቼና ስንት ልጅ እንደምትወልድ ሴቷ ራሷ እንድትወስን የሚሉ ነበሩ።

እንግሊዝ አገር ሲባል ሁሉ የተሟላላቸው ሴቶች የሚመስሉን ካለን፣ የዚያን ጊዜውን ኑሮ ማየት ደግ ነው። በ1968 በዳጌናም ከተማ በፎርድ የመኪና ፋብሪካ የመቀመጫ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ሥራቸው ሙያ እንደማይጠይቅ ተቆጥሮ ከወንዶቹ ያነሰ ስለሚከፈላቸው አድማ መቱ። ከዚያ አድማ ተነሥቶ የእኩል ክፍያ ሕግ በ1970 ወጣ፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ1975 መጨረሻ ነው፤ ቀጣሪዎች እንዲዘጋጁ ተብሎ ከአምስት ዓመት በላይ ተሰጣቸው። የራሷ ደመወዝ ያላት ሴት እንኳ ለቤት መግዣ ብድር ስትሄድ ባል ወይም አባት ዋስ እንዲሆናት ትጠየቅ ነበር። በማኅበራችን አምስት አምስት ሆነን እርስ በርስ ዋስ የምንሆነው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁን ወዳጆች አሉ። ያን ዘመን የኖሩ እንግሊዛውያት ቢጠየቁ ሳይቸገሩ ይመልሱላቸዋል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ሴቶቹ ትኬት ገዙ። እንደማንኛውም ተመልካች አምረው ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው በተለያየ ቦታ ተቀመጡ። ቦርሳቸው ውስጥ በከረጢት የተቋጠረ ዱቄት፣ የሚገማ ነገር፣ ቀለም የሚረጭ የልጆች መጫወቻ ሽጉጥ፣ የሚበተን ወረቀትና አትክልት ነበር። ምልክት እንድትሰጥ የተመደበችው ሴት የያዘችው የኳስ ተመልካቾች እያዞሩ የሚያንቋቁትን የእንጨት ማጯጯሂያ ነው። አዳራሹ ደጅ ላይ ደግሞ ሌሎች ተቃዋሚዎች ተሰልፈዋል። የዚያኑ ዕለት ገና ሳይነጋ፣ ከእነዚህ ሴቶች የተለየ አንድ የግራ ቡድን ውጭ ከቆሙት የቢቢሲ መኪናዎች በአንዱ ሥር ፈንጂ አፈንድቶ ስለነበር ፖሊሱ ሁሉ ዐይኑን አፍጥጦ ነበር።

የክብር እንግዳው አሜሪካዊው ቀልደኛ ቦብ ሆፕ ነበር። ብቅ ብሎ እዚህ የከብት ገበያ በመገኘቴ ደስ ብሎኛል አለ፤ እንደ ላም ጮኸ፤ ከመድረኩ ጀርባ ጥጆቹን ስመረምር ቆየሁ ብሎም ጨመረበት። በእንግሊዝኛ ጥጃና ባት አንድ ቃል ስለሆኑ ቀልዱ የሴቶቹን ባት የሚነካ ነው። ተቃዋሚዎቹ ለስድብ የተጠቀሙበትን ቃል ለጨዋታ አደረገው ማለት ነው። ምልክት ሰጪዋ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ከታሰበው ጊዜ ቀድማ ማጯጯሂያውን አንቋቋችው። ከየአቅጣጫው ሴቶች ተነሡ፤ ዱቄት በረረ፤ ወረቀት ተበተነ፤ ጩኸት ሆነ። ጩኸታቸው ቆንጆም አይደለንም፣ አስቀያሚም አይደለንም፣ የተቆጣን ነን የሚል ነበር። ቦብ ሆፕ ከመድረኩ ሊሸሽ ሲል የኤሪክ ሞርሊ ባለቤት ጁሊያ ሞርሊ ልታስቀረው ሞከረች። ዘበኞቹ ሴቶቹን እየጎተቱ አስወጡ። ቀልደኛው ተመልሶ መጥቶ እንዲህ ያለውን ውብ ነገር የሚያውክ ሰው አደንዛዥ ነገር የወሰደ መሆን አለበት አለ። ሁሉም የሆነው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ውድድሩ ቀጠለ።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ከተማ ዞር ማለት እንፈልጋለን፤ ይህ ከመሆኑ ሁለት ዓመት ተኩል በፊት አዲስ አበባ የዚህ ዓይነት ነገር አይታለችና። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ተዘጋጀ። የተማሪው ንቅናቄ የጋለበት ዘመን ነበር። ተቃዋሚዎቹ ትርኢቱን የባዕድ ባህል መግቢያ፣ ገበሬው በጭሰኝነት በሚማቅቅበት አገር የቅንጦት መታያ አድርገው አዩት። ይህ አስተሳሰብ በራሱ ስሕተት ነበር አንልም። ነገር ግን ቁጣው በማን ላይ ወረደ? ወደ አዳራሹ በሚገቡት ሴቶች ላይ። ተሰደቡ፣ ተጎነታተሉ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ነገሩም የመንግሥትና የተማሪ ፍልሚያ ሆኖ በታሪክ ተጻፈ። እነዚያ እንቁላል የተመቱት ሴቶች ስለ ነገሩ ምን እንደሚሉ የጠየቃቸው ጥቂት ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ ዐይን ያወጣል። በስድስት ኪሎ በአብዛኛው ወንዶች በሴቶች ላይ ወረወሩ። በለንደን ሴቶች በመድረኩ ባለቤቶችና በአስተናባሪው ላይ ወረወሩ። የለንደኖቹ ሴቶች ጠባችን ከተወዳዳሪዎቹ ጋር አይደለም ብለው ደጋግመው ተናግረዋል። ሴትን በሚጎዳ ነገር ላይ ስንቆጣ ቁጣው በቅድሚያ የሚያርፈው በራሷ በሴቷ ላይ መሆኑ በየሰፈራችን የምናየው ነው። የሴተኛ አዳሪነትን ችግር እንዋጋ ተብሎ ሴቶቹ ሲታፈሱ፣ ገዢዎቹ ግን በሰላም ወደ ቤታቸው ሲገቡ አይተናል። ስለዚህ የለንደኖቹን ጥንቃቄ እናደንቃለን።

ይሁንና ዱቄቱ የወረደበት አዳራሽ ውስጥ የነበሩትን 58 ሴቶች እንደ አንድ ማየት አይቻልም። ለአንዳንዷ ያ መድረክ የምርጫ ጉዳይ ነበር። ለሌላዋ ደግሞ በሌላ በር ልትገባበት የማትችለው ዓለም ነበር። በተለይ ሁለቱን እናንሣ።

አንደኛዋ ፐርል ጃንሰን ናት፤ ከኬፕታውን የመጣች ወጣት። በደቡብ አፍሪካ ሕግ እያንዳንዱ ሰው በዘሩ ተመዝግቦ መታወቂያ ይይዝ ነበር፤ እሷም «ከለርድ»፣ ክልስ እንደማለት፣ ተብላ ተመዝግባለች። የምትኖርበት ሰፈር፣ የምትማርበት ትምህርት ቤት፣ የምትቀመጥበት የባሕር ዳርቻ ሳይቀር በዚያ ምዝገባ ይወሰናል። ደቡብ አፍሪካ ለውድድሩ ነጭ ሴት ስትልክ የቆየች አገር ናት። በ1970 ግን ነገሩ ከበደ። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ የክሪኬት ቡድን ወደ እንግሊዝ ሊያደርገው የነበረው ጉዞ በተቃውሞ ብዛት ተሰረዘ፣ ከኦሊምፒክ ማኅበርም ተባረረች። ቀጥሎ የዓለም ቆንጆ ውድድር ተራ እንደሚደርሰው አዘጋጆቹ ገባቸው። መላ ፈጠሩ፤ ከአንድ አገር ሁለት ሴት ተጠራች። ጂሊያን ጄሰፕ የምትባለው ነጭ «ደቡብ አፍሪካ» የሚል ጥብጣብ በትከሻዋ ላይ ታሰረላት። ለፐርል ጃንሰን የታሰረላት ጥብጣብ «አፍሪካ ሳውዝ» ይላል፤ ቃሉን ገልብጠው «አፍሪካ ደቡብ» ማለታቸው ነው። እንዲህ የሚባል አገር በምድር ላይ የለም። አንዲት ሴት በገዛ አገሯ ስም መጠራት ተከልክላ፣ በተገለበጠ ስም በዓለም ፊት ቆመች።

ሁለተኛዋ ጄኒፈር ሆስተን ናት። ግሬናዳ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ያለች፣ ገውዝ በማብቀል የታወቀች፣ ሕዝቧ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ትንሽ ደሴት ናት፤ ያን ጊዜ ገና ከእንግሊዝ ነጻ አልወጣችም። ሆስተን የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበረች። ያን ዓመት በውርርዱ ገበያ የተወደደችው የስዊድን ተወዳዳሪ እንጂ እሷ አልነበረችም። ጥቁር ሴት አንደኛ ትሆናለች ብሎ የጠበቀም ብዙ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ኢኖክ ፓወል የሚባል የፓርላማ ሰው የጥቁርና የእስያ ስደተኞች መምጣት ደም እንደሚያፋስስ የሚያስጠነቅቅ ንግግር አድርጎ፣ የለንደን የወደብ ሠራተኞች ለድጋፉ ሰልፍ ወጥተው ነበር። በዚያች ለንደን፣ ዱቄቱ ከወለሉ ላይ በቅጡ ሳይጠረግ፣ ጄኒፈር ሆስተን የዓለም ቆንጆ ተባለች። ሁለተኛዋ ፐርል ጃንሰን ሆነች። ሁለት ጥቁር ሴቶች በተርታ።

ጭቅጭቁ ወዲያው ጀመረ። ከዘጠኙ ዳኞች አንዱ የግሬናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሪክ ጌሪ ነበሩ። አራት ዳኞች ስዊድናዊቷን አንደኛ አድርገው ሳለ ሆስተንን አንደኛ ያደረጓት ሁለት ብቻ መሆናቸው ታወቀ። ስዊድናዊቷ ግን አራተኛ ወጣች። አዳራሹ ውጭ የስዊድንን ስም እየጠሩ የሚጮኹ ነበሩ፤ ቢቢሲና ጋዜጦች በስልክ ተጥለቀለቁ። ጁሊያ ሞርሊ ከኃላፊነቷ ለቀቀች። ኤሪክ ሞርሊ የዳኞቹን ወረቀት አውጥቶ ሲያሳይ ጄኒፈር በሁለተኝነት፣ በሦስተኝነትና ከዚያም በታች ባገኘችው ድምፅ ድምር እንዳለፈች ገለጠ፤ ጁሊያም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የገዛ አገራቸውን ልጅ የሚዳኙ መሪ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ደግ ነገር አልነበረም፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዳኞቹ በአብዛኛው አውሮፓውያን ሲሆኑ፣ አሸናፊዎቹም በአብዛኛው አውሮፓውያት ሲሆኑ፣ አድልዎ ነው ብሎ ስልክ የደወለ ይህን ያህል ሕዝብ አልነበረም።

ሆስተን ዘውዱን ከጫነች በኋላ በሚቀጥለው ወር ከራሱ ከቦብ ሆፕ ጋር የአሜሪካ ወታደሮችን ለማዝናናት ወደ ቬትናም ተወሰደች፤ የዓለም ቆንጆ የሆነች ሴት ይህን ማድረጓ የተለመደ ነበር። አገሯ በሚቀጥለው ዓመት ምስሏን በቴምብር አሳተመች። ቀጥሎ ያለው ሕይወቷ ግን ከዘውዱ ሰፋ ያለ ነው። ትምህርቷን ገፍታ በፖለቲካና በዓለም አቀፍ ግንኙነት የማስተርስ ዲግሪ ያዘች፤ ግሬናዳ በ1974 ነጻ ከወጣች በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ በካናዳ የአገሯ ከፍተኛ ኮሚሽነር፣ በእኛ አነጋገር አምባሳደር፣ ሆና አገለገለች። በኋላም የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ሆናለች። ስለዚያ ማታ ስትጠየቅ ተበዝብዣለሁ የሚል ስሜት እንዳልነበራት ተናግራለች። የእሷ ማሸነፍ በዓለም ዙሪያ ላሉ ጥቁር ልጃገረዶች ምን ማለት እንደነበረ ነው የምታነሣው።

በተቃዋሚዎቹ ወገን አምስት ሴቶች ተከስሰው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ከእነሱም ሳሊ አሌክሳንደርና ጆ ሮቢንሰን ይገኙበታል። ከተከሳሾቹ ጠበቃ ሳያቆሙ ራሳቸውን የተከራከሩ ነበሩ። የተፈረደባቸው ቅጣት ቀላል ነበር። ስማቸው ግን በየቤቱ ተሰማ። እስከዚያ ማታ ድረስ የሴቶች ነጻነት ንቅናቄ የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቀው ብሪታንያዊ ብዙ ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ በማርች 1971፣ በለንደን በተጠራው የሴቶች ሰልፍ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በብርድ ወጡ። ሳሊ አሌክሳንደር በኋላ የታሪክ ፕሮፌሰር ሆነች። ሁለቱም ሴቶች፣ በመድረኩ ላይ የነበረችውም ወደ መድረኩ ልትወጣ ስትል የተጎተተችውም፣ ከዚያ ማታ በኋላ ትልቅ ቦታ ደረሱ።

አንድ ነገር ግን ልብ ማለት አለብን። ከተቃዋሚዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። የተማሩ፣ ወይም በመማር ላይ ያሉ። በውበት መወዳደርን ንቀው መተው ይችሉ ነበር፤ ማንም ውብ አይደለሽም ብሎ ከአውቶቡስ አላስወረዳቸውም። ለጥቁር ሴት በዚያ ዘመን «ውብ ነሽ» መባል ራሱ ክልክል የሆነ ነገር ነበር። የዚህን ክብደት በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ያውቁታል። ጎንደር አካባቢ ተወልዳ በ12 ዓመቷ ወደ እስራኤል የሄደችው ይቲሽ አይናው በ2013 የእስራኤል ቆንጆ ስትባል ከቤተ እስራኤል የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ያን ጊዜ ደስታው በውበት ውድድር የተጀመረ ቢሆንም በዚያ አላበቃም። ሐያት አህመድም በ2003 በዓለም ውድድር ላይ የአፍሪካ ቆንጆ ስትባል ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው ኢትዮጵያን ከረሃብ ሥዕል ለይቶ ያየበት ቀን ነበር። ይህን ደስታ ሞኝነት ነው ብለን ልናጣጥለው አንችልም።

የከብት ገበያው ነገርም ግን ውሸት አልነበረም። ለዚህ ትልቁ ምስክር አዘጋጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ የዋና ልብስ ትርኢት ከ2015 ጀምሮ ከውድድሩ እንዲወጣ ያደረገችው ያችው ጁሊያ ሞርሊ ነች። ከዱቄቱ ማታ እስከዚያ ድረስ 45 ዓመት ወስዷል።

ብድር ኮሚቴያችን ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ የልጅቷን ማመልከቻ ሲያይ የጠየቃቸው ነገሮች ተለወጡ። ልብሱ አጭር ነው ወይስ ረጅም የሚለው ቀርቶ፣ ሥልጠናውን የሚሰጠው ማን ነው፣ ውሉ በጽሑፍ ነው ወይ፣ ከምታገኘው ገንዘብ ስንቱ የእሷ ነው፣ ውጭ አገር ሥራ አለ የሚላት ሰው ቢመጣ ፓስፖርቷን ማን ይይዛል የሚለው ቀደመ። ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ስንት እንዳለቀስን እናውቃለን። ይህን መመርመር የኮሚቴው ሥራ ስለሆነ ለእሱ እንተወዋለን። ከሕንድ አገር መጥታ በ1966 የዓለም ቆንጆ የሆነችውን የሬይታ ፋሪያን ታሪክ ግን ለልጅቷ እናት ነግረናታል። ሬይታ የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ የዘውድ ዓመቷን ጨርሳ ወደ ትምህርቷ ተመልሳ ሐኪም ሆነች።

በ2010 ቢቢሲ በሬዲዮ ዝግጅቱ የዚያን ማታ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበ። ጄኒፈር ሆስተን፣ ሳሊ አሌክሳንደርና ጆ ሮቢንሰን ከ40 ዓመት በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተነጋገሩ። ከዚያ ዝግጅት ተነሥቶ ነው በ2020 «ሚስቢሄቪየር»፣ «አጉል ጠባይ» እንደማለት፣ የሚባለው ፊልም የተሠራው። በፊልሙ ውስጥ ሦስተኛዋም ሴት አለች።

ፐርል ጃንሰን ሁለተኛ ከወጣች በኋላ ወደ ኬፕታውን ስትመለስ ሕጉ እንደነበረ ጠበቃት። የመታወቂያዋ ምዝገባ አልተለወጠም፤ የባሕር ዳርቻው ሰሌዳ አልተነሣም። ደቡብ አፍሪካ ለጥቂት ዓመታት ሁለት ሴት፣ ሁለት ጥብጣብ እየላከች ቆየች፤ ከዚያ ተቃውሞው ስለበዛ ከውድድሩ ወጣች፤ እስከ 1991ም አልተመለሰችም። ፐርል ጃንሰን ከአገሯ ዜጋ ሁሉ ጋር እኩል ሆና ድምፅ የመስጠት መብት ያገኘችው በኤፕሪል 1994 ነው። ያን ጊዜ ከለንደኑ ማታ 23 ዓመት አልፎ ነበር።